ድመቷ ምጣድ ላይ ተኝታ ሆዷ ሲቃጠል፦ እንዴት ይታወቃል፣ እንዴት ይታከማል

ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና ድመት የት እንደምትገኝ ይታወቃል። ማድቤት። እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ምጣዱ ላይ ወጥታ ትጠቀለላለች፤ ካልሆነም ከሰል ምድጃው ሥር ልጥፍ ትላለች። አይፈረድባትም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ችግሩ ያ ሙቀት ሆዷን ሲያቃጥላት ወዲያው አለመታወቁ ነው። እሷ ዝም ትላለች፣ ፀጉሯ ይሸፍነዋል። ሰው የሚያየው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ቆዳው መላጥ ሲጀምር ወይም ሽታ ሲመጣ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በመጀመሪያው ቀን ያያችሁት ቃጠሎ ሙሉው አይደለም። ቃጠሎ እስከ 2 ወይም 3 ቀን ድረስ ወደ ውስጥም ወደ ጎንም ሊሄድ ይችላል። ጠዋት ላይ ቀላ ብሎ የነበረ ቆዳ በሦስተኛው ቀን ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አንዴ አይቶ "ደህና ናት" ብሎ መተው የለም።

የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ድመት ነው። ለቡችላም ብዙው ይሠራል።

ለምን ሆዷ ላይ?

ሆድ፣ ብብትና ብሽሽት አካባቢ ፀጉሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ቆዳውም ስስ ነው። ድመት ደግሞ ሙቀት ያለበት ቦታ ስታገኝ የምታስነካው ይህንኑ ሆዷን ነው። ሌላው ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ሰው ቆዳው ወደ 44 ዲግሪ ሲደርስ ማቃጠል ይሰማውና ይሸሻል፤ ድመት ግን ወደ 52 ዲግሪ እስኪደርስ ላትነሳ ትችላለች። ስለዚህ "ቢያቃጥላትማ ትነሳ ነበር" የሚባለው አይሠራም።

ሙቀቱ የግድ እሳት መሆን የለበትም። 60 ዲግሪ የደረሰ ነገር በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል፤ 44 ዲግሪ ብቻ የሆነ ነገር ደግሞ ለሰዓታት ከተነካ ያቃጥላል። የጋለ ምጣድ ሲጋገርበት ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ነው። ሸክላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ከጠፋ በኋላም እጅ ላይ ሞቅ እያለ ይቆያል፣ እሷም የምትወጣው ያኔ ነው።

ከሁሉም አደገኛው መብራት የሚጠፋበት ቀን ነው። እየጋገራችሁ መብራት ይጠፋል፣ ሊጡን ከድናችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሶኬቱ ግን እንደተሰካ ነው። ምጣዱ ሲበርድ ድመቷ ትወጣና ትተኛለች። ከዚያ መብራቱ ይመጣል። ማንም ማድቤት ውስጥ የለም፣ ምጣዱ ከሥሯ ቀስ እያለ ይግላል፣ እሷም እንቅልፍ ላይ ናት።

ሁለተኛው ሃይላንድ ነው። እናቷ ለሞተችባት ግልገል ድመት በሃይላንድ ጠርሙስ ትኩስ ውሃ ሞልቶ ሥሯ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ ሐሳቡም ጥሩ ነው። ውሃው ግን ለሻይ የፈላ ከሆነና ጨርቅ ካልተጠቀለለበት፣ ገና በደንብ መሄድ የማትችል ግልገል ሸሽታ አታመልጠውም። ሆዷና ጡቶቿ አካባቢ ይላጣል። ሦስተኛው የፈላ ውሃና ዘይት ነው። የሚፈሰው ጀርባዋ ላይ ቢሆንም በፀጉሯ ተንሸራቶ ሆዷ ሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ጀርባዋን ብቻ አይታችሁ አታቁሙ።

በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ ጠባይዋን እዩ። ሆዷን ደጋግማ ትልሳለች። ስትቀመጥ ቀስ ብላ ነው፣ ወይም ጨርሶ ተዘርግታ አትተኛም፣ በአራት እግሯ ተኮማትራ ትቆማለች። ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ ገብታ አልወጣም ትላለች። ስታነሷት ትጮኻለች ወይም ትቧጭራለች፣ ዱሮ እንዲህ አታደርግም ነበር። ምግብ እምቢ ትላለች። ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ሆዷን ለጥፋ መተኛት ከጀመረችም ጠርጥሩ፤ ብርድ የምትጠላ ድመት በኅዳር ሲሚንቶ ላይ የምትተኛበት ምክንያት አላት።

ከዚያ አገላብጣችሁ እዩ። ለሁለት ሁኑ። አንዱ በፎጣ ጠቅልሎ ጭንቅላቷንና የፊት እግሮቿን ይያዝ፣ ሌላው ይመልከት። ወደ መስኮት ብርሃን አምጧት፤ ማታ ከሆነ የስልክ መብራት ይበቃል። ፀጉሩን በሁለት አውራ ጣት እየከፈላችሁ ከደረቷ ጀምሩና እስከ ብሽሽቷ ውረዱ። የተለበለበ ፀጉር ጫፉ ቡናማ ሆኖ ይጠቀለላል፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ሽታውም የታወቀ ነው። ግን ምጣድ ላይ በተኛች ድመት ፀጉሩ ምንም ሳይሆን ሥሩ ያለው ቆዳ ብቻ ሊቃጠል ይችላል። ለዚህ ነው መክፈል የሚያስፈልገው። መዳፎቿንም አትርሱ፣ ከምጣዱ ዘላ ስትወርድ መጀመሪያ የሚነኩት እነሱ ናቸው።

የምታዩት ነገር ጥልቀቱን ይነግራችኋል። ቆዳው ቀልቶ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ሲነኩት የሚያማት ከሆነና ፀጉሩ እንደተተከለ ካለ ቀላል ነው፤ በሳምንት ውስጥ ይድናል። ረጠብ ያለ፣ ያበጠ፣ ፈሳሽ የሚያዥ ከሆነና በጣም የሚያማት ከሆነ መካከለኛ ነው። ድመት እንደ ሰው ትልልቅ ውሃ የቋጠረ እብጠት ብዙ ጊዜ አታወጣም፤ ስለዚህ "ውሃ አልቋጠረም" ብላችሁ አትናቁት። ፀጉሩን ቀስ ብላችሁ ስትስቡ ያለ ምንም መቋቋም በጣታችሁ ከቀረ ቃጠሎው ጠልቋል ማለት ነው። ቆዳው ነጣ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ እንደ ደረቀ ቆዳ ከጠነከረ፣ ስትነኩትም ምንም ካልመሰላት፣ ያ ከሁሉ የከፋው ነው። አለማመሙ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ነርቩም ተቃጥሏል።

የመጀመሪያው ሰዓት

ሶኬቱን ንቀሉ። ሽቦ ነክሳ ከሆነና አሁንም አፏ ላይ ካለ ቆጣሪው ጋ ሳታጠፉ አትንኳት።

ከዚያ ውሃ። ሌላ ነገር አይቅደም። የምትፈልጉት ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው፣ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ። የደሴ የጠዋት ቧንቧ እጅ የሚያደነዝዝ ከሆነ ትንሽ ሙቅ ጨምሩበት። በረዶ አታድርጉ፣ ደም ሥሩን አጥብቦ ጉዳቱን ያብሳል። ሳፋ ውስጥ በኋላ እግሯ አቁሟት፣ አንድ ሰው ከብብቷ ሥር ደግፎ ደረቷን ቀና ያድርግ፣ ሌላው በጆግ የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ ያፍስስ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ። ረጅም ነው፣ ትታገላለች፣ ግን ከሁሉም ሕክምና የበለጠ የሚጠቅማት ይህ ነው። አደጋው ከደረሰ አንድ ሁለት ሰዓት ካለፈም አድርጉት፤ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል።

ሙሉ ሰውነቷን ግን አትንከሩ። ሦስት ኪሎ የምትመዝን እንስሳ ናት፣ በደሴ ብርድ ቶሎ ትቀዘቅዛለች። ጀርባዋን በጋቢ ሸፍኑ። መንቀጥቀጥ ከጀመረች ውሃውን አቁሙና አሙቋት። ለግልገል ከ10 ደቂቃ አትለፉ። ውሃ የጠፋ ቀን ከሆነ ከጀሪካን ንጹሕ ጨርቅ እየነከራችሁ በየአንድ ሁለት ደቂቃው ቀያይሩ።

ዘይት የፈሰሰባት ከሆነ መጀመሪያ በውሃ አብርዱ፣ ከዚያ በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ዘይቱን ከፀጉሯ አውጡ፤ ካልወጣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ትልሰዋለችም።

ሲያልቅ አትሹ። በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን እያላችሁ አድርቁ። ቁስሉን በረጠበ ንጹሕ ጎዝ ወይም ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ጥጥ አታስነኩት፣ ክሩ ይጣበቅበታል።

የማይደረጉ ነገሮች

ጎረቤት ይመጣል። በቅንነት ነው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ይላል። "እስቲ ቅቤ ቀቢያት"፣ "ኮልጌት ያበርደዋል"፣ "እንቁላል ሰብረሽ አፍስሺባት"። አመስግናችሁ እለፉት። ቅቤና ዘይት ሙቀቱን ውስጥ ያፍናል። ኮልጌት ቆዳውን ይቆጠቁጠዋል። ጥሬ እንቁላልና አመድ ቁስሉን ይበክላሉ። እሬት ለሰው ቢጠቅምም ድመት ልሳ ትውጠዋለች፣ ቢጫ ፈሳሹ ደግሞ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። ጂቪም (ጄንሽያን ቫዮሌት) ተዉት፤ ቁስሉን ሐምራዊ ስለሚያደርገው መቅላቱንና መጥቆሩን ማየት አትችሉም። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይገድላሉ።

አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብቡልኝ። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። አንዲት ክኒን ትበቃለች፣ ከዚያም ያነሰ። ድመት መድኃኒቱን የምታስወግድበት አቅም በጉበቷ ውስጥ የላትም፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ። ስትሰቃይ ማየት ልብ ይሰብራል፣ አውቃለሁ፣ ግን የሰው ማስታገሻ አትስጧት። ለድመት የሚሆን ማስታገሻ አለ፤ እሱን በክብደቷ ልክ አስልቶ የሚሰጠው የእንስሳት ሐኪም ነው። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊንም እንደዚሁ አይሰጥም።

ሐኪም ጋ መቼ?

ቀላል ቃጠሎ፣ የራሷን መዳፍ የማያክል፣ እሷም የምትበላ ከሆነ ቤት ውስጥ መከታተል ይቻላል። ሌላው ሁሉ ሐኪም ይፈልጋል። ልኬቱን እንዲህ አስቡት፦ ደረቷና ሆዷ አንድ ላይ ከሰውነቷ ቆዳ 18 በመቶ ገደማ ነው። ከ20 በመቶ በላይ የተቃጠለ እንስሳ በውሃና በጨው እጥረት ሊሞት ይችላል፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሆዷ በሙሉ ከተቃጠለ ድንበሩ ላይ ናችሁ፤ አትጠብቁ።

እነዚህንም ስታዩ ሂዱ፦ ቆዳው ነጥቶ ወይም ጠቁሮ ሲደነድን፣ ፊቷ፣ አፏ ወይም መዳፏ ሲቃጠል፣ ጢሟ ተለብልቦ ስታስል ወይም ድምጿ ሲቀየር፣ ሽቦ ነክሳ ከሆነ ደህና ብትመስልም (ሳንባዋ ውስጥ ውሃ የሚጠራቀመው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል)፣ አርፋ ተኝታ በደቂቃ ከ40 በላይ ስትተነፍስ። ጤነኛ ድመት ስታርፍ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ነው። ድዷን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ነጥቶ በ2 ሰከንድ ውስጥ ሮዝ ካልሆነ ደሟ በደንብ እየዞረ አይደለም። አፍታ አትዘግዩ።

እዚህ አካባቢ ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮች በአብዛኛው የለመዱት ከብት፣ በግና ፍየል ነው። ቀድማችሁ ደውሉና ድመት የሚያይ ሰው መኖሩን ጠይቁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ክፍል ስላለው እዚያ መጠየቅ ይቻላል። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁን አዘጋጁ፦ ስንት ሰዓት ላይ፣ በምን፣ ለስንት ደቂቃ ውሃ አፈሰሳችሁ፣ ምን ቀባችሁ። ቅቤ ቀብታችሁ ከሆነም ተናገሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም። ስትወስዷት ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋችሁ ይሁን። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ከሆነ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ እንደሚለወጥ ታውቁታላችሁ፤ የታክሲው መስኮት ይዘጋ፣ የተቃጠለ እንስሳ ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም።

ስትይዟት ከነከሰቻችሁ ቦታውን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

ቤት ውስጥ እንክብካቤ

ዕቃው ብዙ አይደለም። ፋርማሲ ሄዳችሁ ኖርማል ሳላይን፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ጓንትና 1 በመቶ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ክሬም ጠይቁ። የመጨረሻው ለሰው ቃጠሎ የሚሰጠው ነጩ ክሬም ነው፤ ለእንስሳም ይኸው ይሠራል፣ መጀመሪያ ግን ለሐኪሙ በስልክም ቢሆን ንገሩት። ሳላይን ካጣችሁ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉና አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙበት፤ ለብ ሲል ተጠቀሙ። የተረፈው ለነገ አይቀመጥም፣ ይደፋ።

በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሐኪሙ እንዳለው፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ጓንት አድርጉ። የትናንቱን ክሬም በሳላይን አለስልሳችሁ አውጡ። የተጣበቀ ጎዝ ካለ አትገንጥሉ፤ ውሃ አፍስሱበትና ጠብቁ፣ ራሱ ይላቀቃል። ክሬሙን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በላዩ ቫዝሊን ያለው ጎዝ፣ ከዚያ ፋሻ። ፋሻው ሥር ሁለት ጣት ይግባ፤ ሆድ ላይ ከጠበቀ መተንፈስ ያስቸግራታል። እየተላጠ ያለውን የሞተ ቆዳ በጥፍር አትጎትቱ፣ ያን ሐኪሙ ይቁረጠው።

ካልከለከላችኋት ሁሉንም ትልሰዋለች። ምላሷ ሻካራ ነው፣ አዲሱን ሥጋ ይልጠዋል። ስለዚህ አንገቷ ላይ ጡሩምባ የሚመስል መከለያ ያስፈልጋታል። የሚሸጥ ካጣችሁ አሮጌ የራጅ ፊልም ፈልጉ። ፊልሙን በግማሽ ክብ ቁረጡ፣ መሐሉ ላይ አንገቷን የሚያክል ትንሽ ግማሽ ክብ አውጡ፣ አጠማዝዛችሁ በፕላስተር አያይዙ። የአንገቱን ጠርዝ በጨርቅ ፕላስተር ለብጡት፣ ፊልም ስለታም ነው ይቆርጣታል። ርዝመቱ ከአፍንጫዋ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ አለዚያ ዞራ ትደርስበታለች። መጀመሪያ ትደናገጣለች፣ ወደ ኋላ እየሄደች ግድግዳ ትመታለች። አብሽሩ፣ በአንድ ሁለት ቀን ትለምደዋለች። ስትበላ እያያችኋት ብቻ አውልቁላት።

ዝንብ ሌላው ጠላት ነው፣ በተለይ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል። ክፍት ቁስል ላይ የጣለችው እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። ድመቷ እስክትድን ድረስ ከቤት አትውጣ። አሸዋ ያለበት መጸዳጃዋን ለጊዜው በተቀዳደደ ጋዜጣ ቀይሩ፣ አሸዋው ቁስሉ ላይ ይጣበቃል።

ምግብ ላይ አትሰስቱ። የተቃጠለ ቆዳ የሚተካው በፕሮቲን ነው። የተቀቀለ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም እንቁላል ስጧት፣ ለብ አድርጋችሁ፣ ሽታው ይስባታል። የወጥ ፍትፍት አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፣ ውሃ ይሻላል። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልበላች ጉበቷ በስብ መያዝ ሊጀምር ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ብርሃን ፎቶ አንሱ፣ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጉ። በሦስተኛው ቀን ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ስታዩ መስፋቱንና መጥበቡን ሳንቲሙ ይነግራችኋል። እየዳነ ያለ ቁስል ሮዝ ነው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ አይሸትም። አረንጓዴ ወይም ቢጫ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ዙሪያው ማበጥ፣ ትኩሳት ካለ (የድመት ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው) ወደ ሐኪም ተመለሱ። መካከለኛው ቃጠሎ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ጥልቁ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልገው ይችላል። ፀጉሩ ላይበቅል ወይም ነጭ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ሙቀቷን ሳትከለክሏት

ከማድቤት ማባረር አይሠራም፣ ትመለሳለች። የተሻለ ቦታ ስጧት። ካርቶን፣ ውስጡ አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ በማይገባበት ጥግ ይቀመጥ። ሃይላንድ ካስገባችሁ ውሃው እጃችሁን ለአንድ ደቂቃ ያለ ችግር የምትነክሩበት ይሁን፣ ክዳኑ ይጥበቅ፣ በወፍራም ጨርቅ ሁለት ዙር ይጠቅለል፣ ካርቶኑም ውስጥ ሸሽታ የምትተኛበት ሙቀት የሌለው ቦታ ይተውላት። ከሰል ምድጃው ቡና ሲያልቅ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ለጭሱም ሲባል። ምጣዱ እስኪበርድ አክንባሎው ላይ የምትገፋው የማይመስላችሁን ክብደት ጫኑበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሊጡን ከመክደናችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉም ይህን ይወቅ።